የደጊቱ በርታኛ

ደጊቱ ገቢሳ ከጊምቢ ተመድባ ከአሶሳ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ትምህርት ቤት የመጣችው ከወሎ ሰፋሪዎች በገፍ በሚገቡበት ዘመን ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሰጧት። የሰፋሪዎቹ ልጆች ጥያቄው ሳያልቅ እጃቸውን ያወጣሉ፤ የአገሬው የበርታ ልጆች ግን አንገታቸውን ደፍተው ዝም። ባለፈው ዓመት ከእነሱ ሚኒስትሪ ያለፈ አልነበረም።

«እነዚህ ትምህርት አይገባቸውም፤ አትድከሚ» አላት ርዕሰ መምህሩ።

እሷስ ብትሆን አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ አይደል? ስሟ ሲጠራ የምትገባበት ይጠፋት እንደነበር አልረሳችውም።

ከሁሉ የባሰች ዝምተኛ ብኸይታ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት ደጊቱ እነብኸይታ ቤት ድረስ ሄደች። ገና ከአጥሩ ሳትደርስ የልጅቷ ድምፅ ተሰማት፤ ታናናሾቿን ማንጎው ሥር ሰብስባ በበርታኛ ተረት ታወራለች፤ ልጆቹ በሳቅ ይንከተከታሉ።

«ክፍል ውስጥ'ኮ ትንፍሽ አትልም» አለቻት እናቷን ማሪያምን።

«ብኸይታ? እሱ እዚህ ዝም አይልም! ራስ ያዞራል!» አለች ማሪያም፣ በተንጋደደ አማርኛዋ ሴቷን በወንድ እየጠራች።

«እንግዲያው እኔንም በርታኛ አስተምሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ ማሪያም ዘንድ መቀመጥ ልማዷ ሆነ። ትንሽ የያዘች ሲመስላት፣ አንድ ጠዋት ተማሪዎቿን በበርታኛ «ቁጭ በሉ» አለች፤ ያለች መሰላት እንጂ። ብኸይታ አፏን በእጇ ብትይዝም ሳቋ አመለጣት።

«ምን አልኩ? በሞቴ ንገሪኝ።»

«እትዬ... ‹ተጠበሱ› አለ!»

ደጊቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ብኸይታ ክፍል ውስጥ አማርኛ ስትናገር ስትሰማት የመጀመሪያዋ ነበር፤ «አለ»ን አላረመችባትም።

ከዚያ በኋላ የሒሳቡን ጥያቄ እሷ በተንጋደደ በርታኛ ትጠይቃለች፣ እነሱ በተንጋደደ አማርኛ ይመልሳሉ። ስትሳሳት ይስቁባታል፣ ያርሟታል። አስተማሪዋ እንዲህ ከተሳሳተች ማን ይፈራል? የሰፋሪ ልጆችም ቀንተው በርታኛ መሞካከር ጀመሩ።

የሚኒስትሪ ውጤት ሲመጣ ብኸይታ አለፈች። ከበርታዎቹ ልጆች ግን ገሚሶቹ ወድቀው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ያለፉትን ስም ደጋግሞ አየና፣ «ምን አድርገሽ ነው?» አላት።

«ማሪያምን ይጠይቋት» አለችው።

ማሪያም ወሬውን ስትሰማ ከጓሮዋ የለቀመችውን አንድ ቁና ባሚያ ይዛ እልል እያለች መጣች። መስከረም ላይ ብኸይታ ለሰባተኛ ክፍል አሶሳ ገባች። ደጊቱም የወደቁትን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ከመጀመሪያው ትምህርት እንደገና ጀመረች።