ስድስቱ መሥራቾችና እኔ

የማኅበሩ ታሪክ የተባለው ቀጭን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሲጀምር፣ ስድስት ወንድሞች አንዲት ያልታወቀች እህት በዚህ ከተማ ወድቃ አግኝተው በክብር እንደቀበሯትና ማኅበሩን ያን ቀን እንደመሠረቱ ይናገራል። የስድስቱም ፎቶግራፍ አለ። ከግራ ሁለተኛው ባሌ ነበር።

ወድቃ አላገኟትም። ያኔ የድሮው የድሬዳዋ ባቡር እስከዚህ ወደብ ድረስ ገና ይመላለስ ነበር፤ እኔና ባሌ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ብትን ጨርቅ እንሸጥ ነበር። ልጅቱ ከሐረር ገጠር የመጣች፣ ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ሠራተኛ ነበረች። አርብ አርብ እኔ ጋ ትመጣለች፤ ፀጉሯን ታጥባ ትንሽ ተኝታ ትሄዳለች። ብዙ አታወራም፤ እኔም ወሬ አልወድም፣ ስለዚህ ተስማምተን ነበር። ትኩሳት ሲጥላት አሠሪዎቿ በመኪና አምጥተው ደጄ ላይ አወረዷት። በሦስተኛው ቀን፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ከፀሐይ በሚሸሸግበት ሰዓት ሞተች።

ባሌ ጓሮ ካለችው ክፍል ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ጫት ይዞ በርጫ ላይ ነበር። በሩን ከፍቼ ቆምኩ።

«ልጅቱ ሞታለች።»

«የማን ናት?» አለ አንዱ፣ ከትራሱ ሳይነሣ።

«የማንም።»

«የማንም ካልሆነች ማን ይሸከማታል?»

«እናንተ ናችኋ! ተነሡ፣ ግድግዳው ባትደግፉትም አይወድቅም።»

አንዱ ሳቀ። ባሌ አፈረ። ብቻ ተነሡ።

አንዲት ሱማሌ ጎረቤቴን ጠርቼ የቁርቁራ ቅጠል በውሃ አሽተን አጠብናት። ለከፈኗ ከሱቃችን ነጭ አቡጀዲ ቀደድኩ። ባሌ «ከዚያኛው፣ ከርካሹ» ሲለኝ ያልሰማሁ መሰልኩ። ይህም መጽሐፉ ላይ የለም።

ሴት ጀናዛ ወንድ አያጥብም፤ ስለዚህ ስድስቱ ቃሬዛ ይዘው ደጅ ጠበቁ። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ሴት መቃብር አትሄድም፤ ስለዚህ ይዘዋት ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። እርጥቡን ወለል ጠረግሁ። የነሱ ታሪክ ከበሩ ወዲያ ይጀምራል። ከበሩ ወዲህ የሆነውን አላዩትም፤ እነሱ ያላዩት ደግሞ እንዳልተደረገ ነው።

ሲመለሱ ሩዝ አቀረብኩላቸው። በጎ የሠራ ሰው ይርበዋል። እየበሉ አንዱ «ይሄ ነገር ለአጋጣሚ መተው የለበትም። ወንድማማች እንሁንና ከአገሩ ርቆ የሞተውን እንቅበር» አለ። እጃቸውን እያስታጠብኩ ሰማሁት። ሐሳቡ መልካም ነበር፣ አልክድም። ብዙ ሰው ቀብረዋል፤ የወደብ ተሸካሚ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የቤት ሠራተኛ። ሴት በሞተች ቁጥር የሚንኳኳው ግን የኔ በር ነው።

ደንባቸው አባል ወንድ ነው ይላል። ሚስት በባሏ፣ ልጅ በአባቱ ስም ሥር ይጻፋል። ባሌ ሌላ አግብቶ ድሬዳዋ ገባ፤ እዚያ ሲሞት ስሙን ሰረዙ፣ እኔም አብሬ ተሰረዝኩ። ልጅ የለኝም። መሰረዜን እንኳን የሰማሁት ከገበያ ነው። ማንኳኳቱን ግን አልተዉም።

ዓምና፣ ከስድስቱ በሕይወት የቀረው አንዱ፣ አሁን ሊቀመንበር የሆነው፣ ቤቴ መጣ። ድሬ ያደገ ሰው አንቱታ አይወድም፤ ዕድሜ ልኩን አንቺ ሲለኝ የኖረው ሰውዬ ያን ቀን «እንዴት ነዎት፣ አዴ?» ብሎ እንደ እናት አንቱ አለኝ። የሚፈልገው ነገር እንዳለ ገባኝ።

«መጽሐፍ ልናሳትም ነው። የልጅቷ ስም ጠፋን።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ስታወሯት የኖራችሁት ያለ ስም ነው?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ አይደል እንዴ!» አክብሮቱ እዚያው አለቀ።

አውቃለሁ። የሷንም፣ የአባቷንም፣ የመንደሯንም።

«ጻፈኝና እነግርሃለሁ።»

«የት ልጻፍሽ?»

«መዝገቡ ላይ። በራሴ ስም።»

ሳቀ። «ደንቡስ? የወንድምሽ ልጅ ድሬ አለ አይደል፤ በሱ ስም እናስገባሽ።»

«መንገድ ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም።»

«ምን ሆነሻል አዴ፣ አንቺን ጥለንሽ እንሄዳለን?»

«አትጥሉኝም። እናንተ ማንንም አትጥሉም።»

ገባው መሰለኝ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ሳልቀበር እቀራለሁ ብዬ አልፈራም፤ ሬሳ እዚህ ሙቀት ውስጥ ማንም አያቆይም። ከተቀመጡበት ያስነሣኋቸው ሰዎች እኔን በምጽዋት እንዲያነሡኝ ነው የማልፈልገው።

ስሙን አልሰጠሁትም። መጽሐፉ ወጣ፤ ያልታወቀች ብለው አሳተሟት። ከሰዓት በኋላ ቬንትሌተሩ ሥር ተጋድሜ ስሟን ብቻዬን እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። እነሱን የቀጣሁ መስሎኝ እሷን ቀጥቼ ይሆናል። ይህን ለሊቀመንበሩ አልነግረውም።

ባለፈው ወር እንደገና ተንኳኳ። ካርቲየ 6 አንዲት የቤት ሠራተኛ ሞታለች። «የተመዘገበች ፈልጉ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሟቿ ምን አጠፋች? ሄድኩ። ያች ሱማሌ ጎረቤቴ ካረፈች ወዲህ የሚያግዘኝ የለም፤ ማኅበሩም በዚህ ሁሉ ዘመን ማጠብ የምትችል አንዲት ሴት አላፈራም፣ ሴት የለውማ። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ደጅ ቆመዋል። ከሟቿ ጋር በአንድ ክፍል ይኖሩ ከነበሩት ልጆች አንዷን አስገባኋት። ጆጉን ይዛ በሩ ሥር ቆመች።

«ከቀኝ ነው የሚጀመረው» አልኳት። «አትፍሪያት። ትናንት አብራችሁ ስትበሉ አልነበረም?»

አለቀሰች፣ ግን አልወጣችም። የሟቿ እግሮች ጋ ስንደርስ ሳላዛት ራሷ ታጥብ ነበር።

«እናቴ፣ እርስዎ የማኅበሩ አባል ነዎት?» አለችኝ።

«አይደለሁም» አልኳት። «ውሃውን ቀስ አድርገሽ አፍስሺ።»