ግማሹን ዝሪ፣ ግማሹን ያዢ

ያሰሩኝ በደመና ምክንያት ነው። የመሬት አዋጁ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው፣ መካነ ሰላም ላይ በተጠራ ስብሰባ፣ «መሬቱን ወርሳችኋል፤ እግረ መንገዳችሁን ደመናውንም ውረሱትና ለየቀበሌው አከፋፍሉልን» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ሁለት ጠመንጃ ግራና ቀኝ ቆመብኝ። ያኔ ሃያ ዓመቴን ገና ያለፍኩ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለች ገባሁ። ፈታሾቹ «ለመታነቅ ታጥራለች» ብለው ተዉልኝ።

ያጎሩን ድሮ የባላባት እህል ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። ከረሀቡ ወዲህ ፍሬ ገብቶበት አያውቅም። ግድግዳው ግን የገብስ ብናኝ ጠጥቶ ስለነበር ጀርባውን ያስደገፈ ሁሉ ያስነጥሰዋል። አንዱ ካስነጠሰ ሌላው ይቀጥላል፤ ዘበኛው በምስጢር የምንነጋገር መስሎት በሩን ይደበድባል። አይጥ የሚባል አልነበረም። «አይጦቹ በረሀቡ ጊዜ ዓባይን በዋና ተሻግረው ጎጃም ገብተዋል» እያልኩ ለአዲስ ገቢ ሁሉ አወራ ነበር። ጥበቱንማ አታንሱት፤ ጎኑን መለወጥ የፈለገ ሰው የሌሎቹን ድምፅ ማሰባሰብ ነበረበት።

አጠገቤ የሚተኛው ከአቀስታ ደጋ የመጣ ገበሬ ነበር። ጠመንጃ ደብቀሃል ተብሎ ነው የታሰረው። ብዙ አይናገርም። በጥር ማለቂያ አንድ ቀን ጠዋት ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«ምነው አያ?» አልኩት።

«ቅዳሜ ባለቤቴ ትመጣለች። የቀረችን አንዲት ስልቻ የገብስ ዘር ናት። በበልግ ልዝራት ወይስ ለክረምት ላቆያት ብላ ልካብኛለች። ምን ልበላት?»

ተዘርታ ዝናቡ ከቀረ ዘሯ አፈር በልቷት ትቀራለች፤ ክረምት ሲገባም እጃቸው ባዶ ነው። ሳትዘራ ቆይታ በልጉ ከጣለ ደግሞ ልጆቹ እስከ መኸር የሚቀምሱት የለም። በዚያ ላይ ከልጆቹ ሁለቱን ረሀቡ ወስዶበታል።

እስር ቤት አንድ ነገር ይሆንለታል፤ ገበያ እንኳ ያላገናኘውን ሰው ያገናኛል። የወግዲው፣ የደጎሎው፣ የአቀስታው፣ ሁሉም የየአገሩን ሰማይ ሲያይ የኖረ ነው። ጉባኤ ተቀመጥን።

መጀመሪያ የተናገሩት አብረውን የታሰሩ አንድ መሪጌታ ናቸው። «ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ያለፈው ዮሐንስ በልጉ እንዴት ነበር? እሱን ጠይቁ።»

«ጌታዬ» አለ የደጎሎው ነጋዴ፣ «ዮሐንስ በአራት በአራት ዓመት ሰማዩን የሚረከብ ተረኛ ዘበኛ ነው እንዴ? ስሙን ተዉት፤ ምልክቱን እንይ።»

ምልክቱ ይህ ነበር፦ በኅዳር ያለ ጊዜው ዝናብ ጥሎ አውድማ ላይ ያለውን እህል አበስብሷል። በጥምቀት ሰሞን ውርጩ ቀርቷል። ከዓባይ በረሃ በኩል የሚመጣው ነፋስም ይሞቃል። ታዲያ ይህን የሚመስል ዓመት የትኛው ነው? ሰው ዓመትን በቁጥር አያስታውስም። አንዱ «በሬዬ ገደል የገባ ጊዜ» ይላል፣ ሌላው «ያገባሁ ጊዜ»፤ ሁለቱ አንድ ዓመት ሆነው ሲገኙ ደግሞ ሳቅ ይሆናል። እንዲህ ስናበጥር ሁለት ዓመት አገኘን። በሁለቱም በልጉ ቀርቷል።

ሦስተኛውን ያመጡት የወግዲው ሸኽ ናቸው። «የበኩር ልጄ በተወለደች ዓመት ኅዳሩም ጥምቀቱም ልክ እንዲህ ነበር። ዝናቡ በረመዳን ጣለ።»

በዚያ ዓመት ረመዳን መስከረም አካባቢ ነበርና መሪጌታው ፈጠን አሉ። «እንግዲያ የክረምቱ ጭራ ነው። በልግ አይባልም። ሦስቱም አልሰጡም ማለት ነው።»

ገበሬው አንገቱን ደፋ። ሸኹ ግን ሳቁ።

«ያ መሪጌታ! ረመዳን እንደ እናንተ ሁዳዴ አንድ ወቅት ላይ ተተክሎ የሚኖር መሰለዎት? በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል እኮ! ልጅቱ አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው።»

መሪጌታው ደነገጡ፤ ወዲያው ጣታቸውን አንጓ በአንጓ መቁጠር ጀመሩ። እኔ በሜትሬ አገዝኳቸው፤ ከመስከረም ተነሥተን የዐሥራ አምስቱን ዓመት ሽሽት ወደፊት ስንመልስ አንዱን ሳንቲም አንድ ቀን አደረግነው። ሜትሬ አልቃ ቀሪውን በመሪጌታው ክንድ ላይ ጨረስነው።

«የካቲት ማለቂያ!» አሉ ክንዳቸውን እንደዘረጉ። «ሸኽዬ፣ ይማሩኝ። ዝናቡ የበልግ ነው። ዘገየ እንጂ ጥሏል።»

«አብሽሩ፣ አብሽሩ» አሉ ሸኹ።

እኔማ ልማዴ ነውና «የኖኅ ውሃ ይመጣል በላት!» ብዬ ዘለልኩ። ሸኹ ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ የሰው ዘር ነው! ከምናውቀው በላይ አትጨምርበት።»

ቅዳሜ ጠያቂው ከእሾህ አጥሩ ማዶ ይንጫጫል። የገበሬው ድምፅ አይሰማም፤ የኔ ጉሮሮ ግን በሬ ሲጠፋ የሚያስፈልግ ዓይነት ነው፤ እኔን መረጡ። አፌን ስከፍት የአውራጃው ካድሬ ደረሰ። መሬት ጦም እንዳያድር የሚል መመሪያ ከበላይ ወርዶለት ነበር።

«ሁሉንም ዝሪ በላት» አለኝ። «ዝናብ ይመጣል በል፤ ሕዝቡም ይስማ። እንዲያ ካልክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ከዚያ ሆኖ ይታየኛል።

«ወንድም ዓለም፣ ልዝራው?» አለች የገበሬው ሚስት ከማዶ።

«እቴ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ዘንድሮን የሚመስሉ ሦስት ዓመታት አግኝተናል። በሁለቱ በልጉ ቀርቷል። በአንዱ ዘግይቶ፣ የካቲት ማለቂያ ላይ ጥሏል። ከዚህ በላይ የምናውቀው የለም። ሲጥል ግማሹን ዝሪ፣ ግማሹን ያዢ።»



«ይህን ያለው ማን ነው?» አለ ካድሬው።

«መጋዘኑ ነው፣ ጓድ።»

በሩ ተዘጋ፤ ክረምቱ እስኪወጣም አልተከፈተልኝም።

ዓመቱ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ሰርቆ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ዝናቡ የካቲት ማለቂያ ላይ ጣለ፣ በመጋቢት አጋማሽ ጠፋ። የተዘራው ግማሽ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ደረቀ፤ ለከብት ሆነ። ልጆቹን በልመናም በብድርም አቆየቻቸው፤ የያዘችውን ግን አልነካችም። በሰኔ ዘራችው፤ ሰጠ። ልጆቹ ያን ዓመት ተሻገሩ። ይህን የነገረኝ ገበሬው ራሱ ነው፤ ከተፈታ በኋላ ለአንደኛው ልጁ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ። ገብሱ ጣሪያ ደረሰ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን መጠነኛ ገብስ ነበር።

ዛሬ ሬዲዮኑ «መጪው በልግ ከእነዚህ ያለፉ ዓመታት ጋር ይመሳሰላል፤ ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው» ሲል፣ የስፌት መኪናዬን አቁሜ እነሣለሁ። ደንበኛው ግማሽ ሱሪ እንደለበሰ፣ ወገቡ ላይ ስፒል እንደተሰካበት ይጠብቀኛል። ባንዲራ ሲሰቀል እንደሚቆመው ቀጥ ብዬ፣ አንባቢው እስኪጨርስ አዳምጣለሁ።