ሳልከፍት ያስጀመርኳት ትምህርት

ጎጆ በምትባል ከተማ ሒሳብ ሳስተምር ባልደረቦቼ «ኢንተርኔቱ» ይሉኝ ነበር። እዚያ ኔትወርኩ አንድ ፎቶ እንኳን በስንት ልመና ነው የሚያወርደው። ስለዚህ አምቦ የሚወርድ ሰው የሌሎቹን ፍላሽ ተቀብሎ ይሄዳል፣ የታዘዘውን ጭኖ ይመለሳል። እኔ ደግሞ አምቦ የማልወርድበት ቅዳሜ አልነበረም። ስሙን ወድጄው ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

የፊዚክስ መምህሯ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። በኢነርጂ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የመግቢያ ፈተና ልትፈተን ነው፤ ፈተናው ሒሳብም ኢኮኖሚክስም አለበት። «ባርሲሳ ኮ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ መምህሬ ማለቷ ነው። «ከኢንተርኔት የሚጠቅመኝን አንተ ምረጥልኝ።»

መረጥኩላታ! ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ የሒሳብ፣ የኢኮኖሚክስና የኃይል ማመንጫ ትምህርቶች ዝርዝር ገለበጥኩ። ከጎናቸው በራሴ እጅ ጽሑፍ «ከዜሮ የሚነሳ»፣ «ቀላል»፣ «በዚህ ጀምሪ» እያልኩ ጻፍኩበት። አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። አምቦ አንድ ሆቴል ዋይፋይ ላይ ተቀምጬ፣ ቪዲዮዎቹ ወርደው እስኪያልቁ ኳስ ሳይ ዋልኩ።

እሷ በየምሳ ሰዓቱ ላብራቶሪ ገብታ፣ በዚያ ብርድ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ ታጠናለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣች። «ይሄ ቀላል ያልከው ሒሳብ ምንም አልገባኝም።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ድገሚው፤ ቀስ ብለሽ እዪው» አልኳት። ደገመችው። ተመልሳ ስትመጣም ያንኑ አልኳት። የፈተናው ምዝገባ ሊዘጋ ሲል ደብተሯን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ቀላሉ ካቃተኝ ከባዱን ምን ላደርገው ነው? ለካ ጭንቅላቴ ዝጓል» አለችና ሳትመዘገብ ቀረች። እኔም «አይዞሽ» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ዓመቱ ሊዞር ሲል ለራሴ ጉዳይ የዚያኑ «ቀላል» ያልኩትን ሒሳብ ሊንክ አምቦ ላይ ከፈትኩት። ገጹ ላይ፣ ከቪዲዮው ሥር፣ የፊተኞቹን ሁለት ኮርሶች ያልጨረሰ ይህን እንዳይጀምር ተጽፏል። እኔ ቪዲዮውን ብቻ ነጥዬ ነው የጫንኩላት። ቪዲዮውን ነካሁት። የሒሳብ አስተማሪ የሆንኩት እኔ እንኳን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነገሩ ጠፋብኝ። ሰው ሳያየኝ ፊቴ ነደደ።

ከዚያ የፊተኞቹን ኮርሶች ፈልጌ፣ ጥያቄዎቹን በእስክሪብቶ እየሠራሁ አንድ በአንድ አየኋቸው። ምዝገባው እንደገና ሲከፈት አዲስ ዝርዝር ይዤላት ሄድኩ። ጥፋቴን ልናገር ግን አላሰብኩም፤ «የተሻለ አገኘሁ» ብዬ ላልፍ ነበር።

ወረቀቱን ሳታየው መለሰችልኝ። «ተወኝ ባክህ፣ ባርሲሳ ኮ» አለች እየሳቀች። «ቀላሉን ያልቻልኩ ሰው ደግሞ ጊዜህን ላባክን?»

ይሄኔ አላስቻለኝም። «ቀላል አልነበረም። መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ነው መጀመሪያ የሰጠሁሽ። ከፍቼ አላየሁትም ነበር» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። «ድገሚው ስትለኝስ? ያኔም አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና እያንዳንዱ መስመር ላይ ጣቷን እያሳረፈች «ይሄንንስ አይተኸዋል?» ትለኝ ጀመር። እስከ መጨረሻው መስመር ጠየቀችኝ። አይቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ እያልኩ ላብ አጠመቀኝ።

ተመዘገበች፤ አለፈችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የምትጠራኝ በስሜ ነው።