ከማዳም ዣኪዬ ጣሪያ በላይ

ኤርሚኒያ ኮውሶ በጄኔቭ ምግብ ቤቶች ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ከዚያ ሁሉ ዘመን ያስረጃት ግን አንድ የሐሙስ ምሳ ሰዓት ነው።

ከስፔን የወጣችው ባሏ የድንጋይ ካባ ተንዶበት በሞተ በዓመቱ ነበር። ሙሴ ፔሩ ሐይቁ ዳር ባለው ምግብ ቤቱ ሳህን አጣቢ አድርጎ ቀጠራት። ፈቃዷ የወቅት ሠራተኛ ነው፤ ዘጠኝ ወር ትሠራለች፣ ሦስት ወር አገሯ ትመለሳለች። ቤተሰብ ማስገባት ክልክል ነው። አራት ዓመት ሳያቋርጥ እንዲህ የተመላለሰ ግን የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ያኔ ልጁንም በሕግ ያመጣል። ሦስቱን ጨርሳ አራተኛውን ልትጀምር ስትል፣ ልጇን የምታሳድግላት እናቷ ሞተች። ሕፃኗን የሚቀበል ዘመድ አልነበረም። ስለዚህ በፈረንጆቹ 1968 መጋቢት ላይ፣ የስድስት ዓመቷን ሳቤላን በአንድ የአገሯ ሰው መኪና የኋላ ወንበር ሥር በብርድ ልብስ ሸፍና ድንበር አሻገረቻት።

የሚኖሩት ከምግብ ቤቱ ጓሮ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ሳቤላ ቀን ቀን አትሮጥም፣ ቧንቧ አትከፍትም፣ መስኮት አጠገብ አትቆምም። ማስነጠስ ሲመጣባት ፊቷን ትራስ ውስጥ ትቀብራለች። ምስጢሩን የሚያውቀው ጣሊያናዊው ወጥ ቤት ቱሊዮ ብቻ ነበር። ረፋድ ላይ ለኤርሚኒያ ትኩስ ወተት በጠርሙስ ያቀብላትና፣ “ለድመትሽ” ይላታል፣ ዓይኑን ከመጥበሻው ሳያነሳ። እሷም ሮጣ አድርሳ ትመለሳለች።

ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ ማዳም ዣኪዬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። ኮቴ በሰሙ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባሉ። አንድ ቀን ኤርሚኒያን ደረጃ ላይ አስቆሟት።

“ቀን ቀን አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። ታዲያ አናቴ ላይ የሚራመደው ማነው?”

“አይጥ ይሆናል፣ ማዳም።”

“አይጥ ጫማ አያደርግም!” አሉና በሩን ጠረቀሙባት።

የአራተኛው ዓመት ፈቃዷ ሊሞላ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ በጥቅምት አንድ ሐሙስ፣ ምግብ ቤቱ በምሳ ሰው ጢም ብሎ ነበር። የጓሮው በር ተከፈተና ሙሴ ፔሩ ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“የውጭ ዜጎች ፖሊስ ናቸው። ወረቀት አይተው ይሄዳሉ” አለ።

ሽበታሙ ፖሊስ የኤርሚኒያን ፈቃድ አገላብጦ አየና መለሰላት።

“ወረቀቱ ደህና ነው። አሁን ክፍልሽን እንይ። ጥቆማ ደርሶናል።”

ሳሙና የነካ እጇን በሽርጧ ስታብስ ቱሊዮ ጠጋ አለ። “ሂጂ፣ ሳህኑን እኔ አጥባለሁ” አለ፤ በሕይወቱ ሳህን አጥቦ የማያውቅ ሰው።

ደረጃውን ስትወጣ በአገሯ ቋንቋ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ “ሳቤላ፣ አልጋ ሥር ግቢ! ትንፍሽ እንዳትዪ!” አለች።

“ከማን ጋር ነው የምታወሪው?” አለ ሽበታሙ።

“እየጸለይኩ ነው ጌታዬ። ደረጃ ስወጣ ልማዴ ነው።”

ወጣቱ ፖሊስ ፈገግ አለ። ሽበታሙ አላለም።

ቁልፉን እንደምንም ብላ አዞረችው። ሽበታሙ ቁምሳጥኑን ከፈተ፣ መጋረጃውን ገለጠ፣ ከዚያ ተንበርክኮ አልጋው ሥር አየ። ኤርሚኒያ ዓይኗን ጨፈነች።

“ሻንጣ ብቻ ነው ያለው” አለ።

ዓይኗን ስትገልጥ ከቅድሙ የባሰ ፍርሃት ያዛት። ልጅቷ ከአልጋው ሥር ከሌለች የት ሄደች? መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ የጣሪያው ቆርቆሮና ሦስት ፎቅ ገደል ነው። ወደዚያ ላለማየት ራሷን በግድ ገታች።

ሽበታሙ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩባያ ዳሰሰ። “ለብ ያለ ነው። በምሳ ሰዓት ወተት የሚጠጣው ማነው?”

“እኔ ነኝ። ቃር አለብኝ” አለችና ኩባያውን አንስታ እያያት ጨለጠችው።

ትንሽ አፍጥጦ ካያት በኋላ ማስታወሻውን ከደነ። ኮቴያቸው ከደረጃው እንደጠፋ ወደ መስኮቱ ሮጣ ግማሽ አካሏን አወጣች። ጣሪያው ላይ ማንም የለም። ግቢው ውስጥም ባዶ የአትክልት ሣጥን ብቻ ነው።

“ልጅሽ እኔ ጋ ናት” አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ። ማዳም ዣኪዬ በሩ ላይ ቆመዋል። “ለፖሊስ የጥቆማውን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ወንድ ደብቀሽ የምታኖሪ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሰዎቹ ሲገቡ በመስኮት እያየሁ ሳለሁ፣ ከላይ ሳል ሰማሁ። የሕፃን ሳል። ወጥቼ ስምሽን ብጠራ አንቺ የላክሽኝ መስሏት ከውስጥ ከፈተችልኝ። ስንወጣ በሩን ሳብ ባደርገው ራሱ ተቆለፈ።”

ኤርሚኒያ ሴትዮዋን ማነቅም፣ እግራቸው ላይ መውደቅም አማራት። ሁለቱንም አላደረገችም። “ልጄን ይስጡኝ” ብቻ አለች።

ሳቤላ ከታች ማርማላታ የተቀባ ዳቦ እየበላች ነበር። እናቷን ስታይ፣ “አላወራሁም፣ እማ” አለች በሹክሹክታ።

“ከነገ ጀምሮ እዚህ ትዋል” አሉ ማዳም ዣኪዬ። “ከእኔ ሥር ያለው መጋዘን ነው፤ ብትራመድም የሚሰማት የለም።”

“እርስዎን እንዴት ብዬ ነው የማምነው?”

“አትመኚኝ። ግን ሌላ ማን አለሽ?”

ማንም አልነበራትም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ልጇን በጠቆሙባት ሴት እጅ ትታ እየሄደች፣ የጓሮው በር በተንቋቋ ቁጥር ሳህን ከእጇ እያመለጠ ሠራች። የመጣ ግን አልነበረም።

ሦስቱን ወር ከልጇ ጋር አገሯ ቆይታ፣ በቀጣዩ ጸደይ የዓመት ፈቃዷን ተቀበለች፣ ሳቤላም ትምህርት ቤት ገባች። አስተማሪዋ፣ “ጎበዝ ናት፣ ግን ድምጿ አይሰማም” ብላ ጻፈች፤ ልጅቷ ጮክ ብላ እስክትናገር ሁለት ዓመት ፈጀ። ኤርሚኒያም ከሳህን ወደ አትክልት መክተፍ፣ ከመክተፍ ወደ ምድጃ አለፈች። ቱሊዮ አገሩ ሲገባ ኩሽናው የእሷ ሆነ።

ማዳም ዣኪዬ እስኪሞቱ ድረስ እሁድ እሁድ ዓሣና ድንች በሳህን ይዛላቸው ትወርድ ነበር። እሳቸው ቀምሰው፣ “ጨው ያንሰዋል” ይላሉ። እሷም ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። ወንበር ሲስቡላት፣ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችም።