እትዬ በአመድ ያጠቡት መስታወት

ዛሬ ጠዋት የጥርስ ሳሙናው ሽታ በደርግ ዘመን ወደነበረው የፈረንሳይ ለጋሲዮን ግቢያችን መለሰኝ። አባቴ በታክሲው ያስተዳድረን ነበር። ለዓመታዊው ምርመራ አንድ ቀን ሲቀር፣ ታላቅ እህቱ እትዬ ሊያግዙት ብለው የፊት መስታወቱን እንደ ድስት በአመድ ፈትገው ጭረት በጭረት አደረጉት። ታክሲው ምርመራውን ካላለፈ እንጀራችን መቋረጡ ነው።

አባቴ አልተቆጣም፤ ከሰዓቱን ሙሉ መስታወቱን በጥርስ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ሲያሸው ዋለ።

«እትዬ፣ እስቲ ገብተው ይዩት።»

እትዬ መሪውን ጨብጠው ሽቅብ አዩ። «እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ታየኝ! ይኸው፣ አመዴ ሠራ!»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱም ታክሲው አለፈ።

ጭረቱ በእርግጥ ጠፍቶ እንደነበር እጠራጠራለሁ፤ በትዝታዬ ውስጥ ግን መስታወቱ ጥርት ያለ ነው። አፌን አረፋ እንደሞላው ብቻዬን ሳቅሁ።