የጊንጪዋ ጫልቱ እጅ

ከአምቦ የወጣንበት ሌሊት ዶፍ ይጥላል። እናቴ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ አፍና ትንሰቀሰቃለች፣ እኔ ትከሻዋን አልለቅ ብያለሁ፣ ባሌ ገመቹ ግን የከፋው መንገዳችን በጊንጪ በኩል ባለመሆኑ ነበር። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቀበሌው ሁለተኛ ጥሪ ልኮለታል፤ ሁለተኛ ጥሪ የደረሳቸው የሥራ ባልደረቦቹ ከሄዱበት አልተመለሱም። የሾፌሩ የበቀለ የጭነት መኪና ሳሙና ጭኖ አፍንጫውን ወደ ነቀምቴ አዙሮ ይጠብቀናል። ጊንጪ ደግሞ በተቃራኒው፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ናት። እና ሰውዬው ጋቢና ገብቶ ከተደላደለ በኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አይ በቄ፣ በጊንጪ ብናልፍ ኖሮ ጫልቱ ቤት አንዴ በልተን እንሄድ ነበር።»

«ተው መምህር፣ በዚህ ሌሊት አንጀቴን አትብላው» አለ በቀለ፤ እሱም ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።

መሐላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጭኔ ላይ የያዝኩት ቋጠሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስቆላና በቅቤ ሳሽ የዋልኩት የገብስ ጭኮ አለ፣ ገና ለብ እንዳለ። ስለ እሱ የጠየቀኝ የለም።

ገመቹን ለማታውቁት፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ሆኖ የየከተማውን ትምህርት ቤቶች የሚጎበኝ ሰው ነበር፤ በዚያውም የየከተማውን ምግብ ቤት። ከአምቦ ለመንገድ የሚነሳ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይጠይቃል። ጉደር ከወረዳችሁ ክትፎ በቆጮ ብሉ፣ ወይኑን ግን ለእንግዳ ተዉለት። ጌዶ ብርዱ ወጡን ሳህን ላይ ያረጋዋልና ገንፎ እዘዙ። ባኮ ሥጋ በጠዋት እንጂ ከሰዓት በኋላ እንዳትነኩ፣ ከሰዓት በኋላ ማንጎ ነው። አምቦ ራሷ ላይ ጥሬ ሥጋ ስትቆርጡ ከብቱ ሆራ የጠጣ መሆኑን ጠይቁ፤ ያ ጨዋማ ውሃ ሥጋው ውስጥ ይታወቃል። ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጊንጪ ግን...» ይላል። ስለ ጊንጪ ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል። የእኔን ማዕድ በልቶ ሲነሳ የሚለው «ተመስገን» ብቻ ነው፤ ምስጋናውም ለእኔ አልነበረም።

እኔ ዝምተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ባል ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታው ክፍል እስከ ስምንተኛ ደረስኩ። ዘግይቶ ላነበበ ሰው የተጻፈ ነገር ሁሉ ትእዛዝ ነው መሰለኝ፣ ጾሙን እንኳ እንደ ሰፈሬ ሴቶች በልማድ ሳይሆን ከመጽሐፍ አንብቤ እንደተጻፈው ነው የምጾመው። በቤቴ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የነካ ማንኪያ ከመደርደሪያ አይወርድም ነበር።

ባኮን ከማለፋችን በፊት ኬላ አስቆመን። አንድ ፊቱ የገረጣ አሥር አለቃ ባትሪውን ጋቢናው ውስጥ አበራብን።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«መምህርና ባለቤቱ ናቸው፤ ለሥራ ተዛውረው ነው» አለ በቀለ።

«የዝውውር ወረቀት?»

ወረቀት የለንም። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም መጨረስ አቃተኝ። ገመቹ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ቀለብ እንዴት ነው አሥር አለቃ?» አለው፣ እንደ ወንድሙ።

«ተወኝ እባክህ! ምስር፣ ነገም ምስር። ደግነቱ ወደ አዲስ አበባ ተቀይሬአለሁ።»

«ወደ አዲስ አበባ? እንግዲያው ጊንጪ ሳትወርድ እንዳታልፍ። ከገበያው በላይ፣ አረንጓዴ በር፣ ጫልቱ ቤት በል። ጥብሱን በሸክላ አዝዝ። ቃሪያውን ለብቻው አምጡልኝ በል፣ እላዩ ላይ ከቆረጡት ውሃ ያወጣል።»

አሥር አለቃው እንደ ተማሪ ደገመው፤ «አረንጓዴ በር፣ በሸክላ፣ ቃሪያው ለብቻ።» ከዚያ ገመዱን አነሳልን።

ሕይወቴን ያተረፈልኝ የሷ ስም ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያችን አይቻት የማላውቃትን ሴት እንደ ጣውንቴ ጠላኋት።

ከአሶሳ ወዲያ በእግር ወደ ኩርሙክ፣ ከኩርሙክ በጭነት መኪና እስከ ካርቱም ያየነውን ብዙዎች ጽፈውታል፣ እኔ አልደግመውም። በቀለም መኪናውን ለባለቤቱ ሰው መልሶ ከእኛው ጋር ተሻገረ። ካርቱም የስደተኞች ቢሮ ስንደርስ ጸሐፊው በአስተርጓሚ «ሙያ?» አለኝ።

«አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።»

«እሱ ሙያ አይደለም። ምግብ ትሠሪያለሽ?»

«ለቤቴ።»

«በቃ፣ ምግብ አብሳይ» ብሎ ጻፈ። ገመቹ «መምህር» ሲለው ደግሞ ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ፤ «ከእናንተ አገር መምህር ያልሆነ አንድ ወንድ አምጡልኝ፣ እኔ ምሳ እጋብዘዋለሁ።»

ዴም በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። አከራያችን ሐጅ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በርበሬ ባቁላላሁ ቁጥር በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ያ ሲት፣ እመቤቴ፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ ጦርነት? ፍየሎቼ ሁሉ አስነጠሱ።»

«በርበሬ ነው ሐጅ።»

«ኪራይ እጨምራለሁ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ማስነጠሱ።»

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ጤፍ ስትነፉ የሚተርፈውን ገለባ እንኳ እንዳትንቁት። እዚህ ያለው ዱራ የሚሉት ማሽላ ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ጠዋት የጋገርኩት ማታ ጥቅልሉን ስፈታው እንደ ደረቅ ቆዳ ይሰነጠቃል። እነሱ ኪስራ የሚሉት አላቸው፣ ከወረቀት የሳሳ፣ እሱንም ወደድኩት ማለት አልችልም። ሃቡብ የሚሉት አቧራ ሲነሳ ቀኑ ይጨልምና ቡሆው ላይ አሸዋ ይወርዳል። የአምቦን ብርድ፣ ያንን ስንራገመው የኖርነውን የሐምሌ ጭቃ፣ በብርጭቆ ቢሸጡልኝ እጠጣው ነበር። አንድ ነገራቸው ግን ደስ ይለኛል፤ መንገደኛ ሲያልፍ እጁን ይዘው «ተፈደል» ይሉና ወደ ሳህናቸው ያቀርቡታል። በዚህ በዚህ ከኛ ሰዎች አይለዩም።

ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ያገር ሰው ይሰበሰባል። አዲስ የመጣ ካለ የሚጠየቀው መጀመሪያ ስለ ዘመድ፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ የት በላህ?» ነው። ገመቹ መካከል ላይ ተቀምጦ ይዳኛል። ሰው በባዶ ሆዱ ስለ ጉደር ክትፎና ስለ ጌዶ ገንፎ ሲከራከር፣ ነገ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚሄድ ይመስላችኋል። የእኔ ዱራ መሐላቸው ተቀምጦ ይደርቃል። የክርክሩ ማብቂያ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ናት፤ «ጊንጪ ግን...»

እንዲህ ስንኖር አንድ ቀን በቀለ እየሮጠ መጣ። «መምህር! ጫልቱ መጣች! ራሷ! እዚሁ ዴም ቤት ተከራይታ ምግብ ልትጀምር ነው!»

ገመቹ ጢሙን ተላጨ። በዚያ እሳት በሆነ ቀን ኮቱን ለበሰ። እኔም ያለኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ ተከተልኩት፤ ላያት ነበር የሄድኩት፣ ልበላ አይደለም። ረጅም፣ ጠይም፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ስትስቅ ፍንጭቷ የሚያምርባት ሴት ናት። አሮጊት ብትሆንልኝ ምን ነበረበት ብዬ አሰብኩ።

«አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ!» አለችን በእንግዳ አቀባበል፣ ማንንም ከማንም ሳትለይ።

ጥብሱ በሸክላ ቀረበ። ወንዶቹ አንድ ጎረሱና ጮኹ። «ጊንጪ ነው!» «ራሱ ነው፣ ዱጋ፣ እውነት!» በቀለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ጎረስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ሲያወሩለት የኖሩት ጊንጪ አልነበረም። ሥጋው የግመል ይሁን የበሬ አይለይም፣ ቅቤው ሳይነጠር የቀለጠ ነው፣ ሽንኩርቱ ጥሬነቱን አለቀቀም። እኔ ይህን አቅርቤ ቢሆን «ተመስገን» እንኳ ባላገኘሁ! ሳህኔን ገፋ አደረግሁ።

ጫልቱ አይታኝ ነበር። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንቺስ እህቴ? ምነው ዝም አልሽ?»

«ቅቤው ኮሰረት የለውም» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ልቅሶ ነበረበት። «እነዚህ ሁሉ ይዋሹኛል። አንቺ ግን አፍሽ ያውቃል። ከየት ላምጣ? አንቺ ጋ የለም?»

«የለም» አልኩ። ቋጠሮዬ ውስጥ ከአምቦ ያመጣሁት ነበረኝ። ዛሬም ብትጠይቀኝ የለም ነው የምላት።

«የማን ቤት ነሽ?»

«የገመቹ። የሱ፣ ኮት የለበሰው። ጊንጪ ሲመጣ አንቺ ጋ ነበር የሚበላው።» ፊቷ ላይ አፍጥጬ ጠበቅሁ። የምትደነግጥ ከሆነ፣ የምትቀላ ከሆነ፣ ይህንኑ ለማየት ነበር ያን ሁሉ አገር የመጣሁት እስኪመስለኝ ድረስ።

ጫልቱ ግን ገመቹን ዓይኗን አጥብባ ብታየው ብታየው ልታውቀው አልቻለችም። ድንገት እጇን አጨበጨበች። «ዋይ! የዓርቡ ሰውዬ!»

ወንዶቹ ሁሉ ጉርሻቸውን እንደያዙ ወደ ገመቹ ዞሩ።

«ረቡዕና ዓርብ በጓሮ በር የሚገባው! እኛ ጴንጤ ነን፣ የጾም ቀን የለንም፤ የጊንጪ ጸሐፊ ሁሉ በጾም ቀን ከጓዳዬ ነበር የሚበላው። እሱማ ዋናቸው ነው! ‹ቤቴ በሰባት ቁልፍ የተቆለፈ ነው ጫልቱ፣ እባክሽ ድርብ አድርጊልኝ› ይለኝ የለ! በዐቢይ ጾምማ ስንቱን በግ!»

በቀለ አቀርቅሮ ሸክላውን ይመረምር ጀመር። የጊንጪ ትምህርት ቤቶች ጉብኝት ለምን ረቡዕና ዓርብ እንደሚውል፣ በዐቢይ ጾም ለምን ሥራ እንደሚበዛበት፣ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ገመቹ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ነበር የሚራመደው።

«በሰባት ቁልፍ?» አልኩት።

«የሺ፣ ለጨዋታ ነው...»

«ጥብሱም ለጨዋታ ነበር?»

ቆመ። ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለ። «እዚያ ስበላ አፌን የሚያይ አልነበረም። አንቺ ጋ እያንዳንዱን ጉርሻ እንደ ፈተና ወረቀት ታርሚዋለሽ። ምን ብዬ ላመስግንሽ? ተሳስቼ እንዳልወድቅ ነበር ቶሎ በልቼ የምነሳው።»

ሴቲቱን ወዷት ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደምጣላት አስቤ ጨርሼ ነበር፣ ቃሎቹንም አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን የወደደው እኔ የሌለሁበትን ገበታ ነው። ገበታን በምን ትጣሉታላችሁ?

የጫልቱ ቤት ከዚያ ወዲህ ሰልፍ የሚያዝበት ሆነ። ቅቤ ማንጠርም ተሻሻለላት፤ እየሄድኩ እቀምሳለሁ፣ ስለዚህ አውቃለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አዲስ መጪን የሚልከው ወደሷ ነው። ወደ እኔ የሚልከው ደብዳቤ የሚያጽፈውን ብቻ ነው።

ባለፈው ሰሞን ስልክ ደወልን። ከመሐል ካርቱም ቴሌ ቢሮ በሌላ ሰው ስም አስጠርተን፣ እናቴ አምቦ ቴሌ መጥታ ጠበቀችን። ሰሚው ብዙ ስለሆነ የት እንዳለን፣ ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደሞተ አይነሳም። የሚወራው ምግብ ብቻ ነው።

«ምን ትበላላችሁ የሺዬ?»

«ሁሉ አለ እማዬ።»

«ሰውነትሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«እሱንስ አቅርቢልኝ እስቲ።»

ጆሮዬን ከስልኩ ጀርባ ለጥፌ ቆምኩ። እናቴ «ልጄ፣ ምን አማረህ?» አለችው። አሁን ጊንጪን ሊጠራ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። የስልኩን ገመድ ጣቱ ላይ ጠቀለለ።

«የሱፍ ፍትፍት» አለ።

«የምን?»

«ሱፍ እማማ። ያ እዚያ ቤት የሺ በጾም ቀን የምትሠራው። ቀዝቃዛው።»

«እሷ አጠገብህ አይደለች እንዴ? አትሠራልህም?»

«እዚህ እንደዚያ አይሆንም እማማ» አለ። የቴሌው ሰውዬ መስታወቱን አንኳኳ፣ «ኻላስ» አለን፣ ሰዓታችን አለቀ።

ገመቹ በእጅጌው ዓይኑን እየጠረገ ቀድሞኝ ወጣ። ስለ እጄ አንድ ቃል እንዲናገር ስንት ዓመት የጠበቅሁ ሰው፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሱ ግን የናፈቀው አምቦ የቀረችዋን የሺን ነው፤ በራሷ ሙቀጫ የምትወቅጠውን፣ ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ የምትቀዳውን። ከኋላው ስሄድ የቀናሁት በእሷ ነበር።

በማግስቱ የኦምዱርማንን ገበያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርኩ፤ ሱፍ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪም ቢሆን የምትመጡ ካላችሁ፣ ዴም ስትደርሱ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጫልቱ ቤት እንደሚወስዳችሁ አውቃለሁ። ሂዱ፣ ብሉ፣ ጥብሱ ዛሬ ዛሬ መጥፎ አይደለም። ሱፍ ከያዛችሁ ግን ሻንጣችሁን እዚያ እንዳትፈቱ። የሐጅን ፍየሎች ጠይቃችሁ ወደ እኔ ኑ።