ሳትበላሽ ጋራዥ የገባች መኪና

የፒካፕ መኪናዬ ኪሎሜትር ቆጣሪ ዘጠኙን ሁሉ ጨርሶ እንደገና ከዜሮ ከጀመረ ቆይቷል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ከልጅ ልጆቼ ታንሳለች ሊል ይችላል። እኔም በመስታወቷ ራሴን ባየሁ ቁጥር፣ ምነው እኔንም እንዲህ አዙሮ የሚያስጀምረኝ በተገኘ እላለሁ። እስካሁን አልተገኘም።

ሥራዬ ከጥሊሊ ድንች እየጫንኩ ዳንግላ ገበያ ማውረድ ነው። አምና በጋ የራዲያተሯ ቱቦ ፈንድቶ ከነድንቼ መንገድ ዳር ተገትሬ ውዬ ነበር። ይህን የሰማች፣ ባሕር ዳር የምትኖረው የመጀመሪያ ልጄ ሰኔ መግቢያ ላይ ቆሰበር ቤታችን ድረስ መጥታ ፍርዷን ሰጠች።

«አባባ፣ ይህ ክረምት እስኪወጣ አንድ ቀን ከቆመችብዎ ቁልፉን ለእኔ ይሰጡኛል። ገዢ አለኝ።»

«ገዢው ምን ሊያደርጋት ነው?»

«ፈታትቶ ሊሸጣት።»

«እኔንስ ማን ይገዛኛል?»

«አንተንማ በነፃም የሚወስድ የለም!» አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። ያቺ መኪና ከሄደች ከቤት ለመውጣት ሰው ልለምን ነው። ባጃጅ ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀምጬ «አባባን ቀስ አድርገህ አውርዳቸው» ሊባልልኝ ነው። እልህ ያዘኝና እሺ አልኩ። ተጨባበጥን።

በእኛ ዘንድ የሚሄድ ሞተር አይነካም። ሰውም ጥርሱን የሚያሳየው ፊቱ ካበጠ በኋላ ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ስነዳ ኖሬያለሁ፤ ስንት ጥርስ እንደቀረኝ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። በዚያ ሳምንት ግን ድንች መጫኔን ትቼ አሰብኩ። ፍሬኗን እንኳ ሁልጊዜ አሳያለሁ፤ ሞኝነቴ እስከዚያ አይደርስም። የቀረውን ለሁለት ከፈልኩት። አንዳንዱ ዕቃ ከመሞቱ በፊት ይናገራል። ጭሷና ዘይት መብላቷ ሳል ነው፤ ሲሳል ዓመታት ይኖራል፣ ምስክሩ እኔ ነኝ። ሳይናገር የሚሄደው ነው የሚያስፈራው። የሞተሩ ውስጥ ቺንጋ፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ እንደዚያ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት። ስለዚህ ቺንጋው፣ የውሃ ፓምፑና ቱቦዎቹ ክረምቱ ሳይጠና፤ ፍሪሲዮኑና ሌላው የድንቹ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል።

ዳንግላ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ምን ሆነችብዎ አባባ?»

«ምንም አልሆነችም።»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«ምንም ሳትሆን ሥራልኛ።»

በሩ ላይ ሰው የሚጠብቅ ባለጋሪ ይሰማን ኖሮ፣ «ደህና ሰው አስተኝቶ መርፌ መውጋት ገና አሁን አየሁ!» አለ።

«አንተ የጋሪህን ጎማ ግራሶ የምትቀባው ከወለቀ በኋላ ነው?» አልኩት።

«እኔማ ጭራሽ አልቀባውም።»

«ለዚህ ነዋ ፈረስህ ጆሮውን ጥሎ የሚሄደው። ጩኸቱ መሮት ነው!»

መካኒኩ ከሳቁ ሲመለስ፣ «የሚሠራ ሞተር ከፈታሁ በኋላ አንድ ነገር ቢመጣ በእኔ እንዳያሳብቡ» አለኝ።

«በራሴ አሳብባለሁ። ልምዱ አለኝ።»

ተፈታ። ያን ሁሉ ፎክሬለት የወጣው ቺንጋ አንድ ስንጥቅ እንኳ የለውም። መካኒኩ በሁለት እጁ ወጥሮ አሳየኝ። «ይኸው፤ ገና ብዙ ይሠራ ነበር።» ባለጋሪው ከበሩ ላይ ሳል ሳል አለው። እኔም ጆሮዬ እየጋለ፣ «አዲሱን ግጠም!» አልኩ። የውሃ ፓምፑም ቱቦዎቹም ተቀየሩ። አሮጌውን ቺንጋ ባለቤቴ ቆርጣ የጥጃ ማሰሪያ አደረገችው። ጥጃው ቀኑን ሙሉ ይጎትተዋል፤ እስካሁን አልበጠሰውም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ሌላ አያለሁ።

ክረምቱ ገባ። ዝናብና ጉም ሆነ። አፋቸውን ከፍተው መንገድ ዳር በቆሙ የጭነት መኪኖች አጠገብ ሳልፍ ክላክስ አደርግ ነበር፤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የእኔዋ ግን አልቆመችም። የዚህ ሥራ ክፋቱም ይኸው ነው፤ ምንም አለመሆኑን ለሰው ማሳየት አይቻልም። ባለቤቴ እንኳ «ድሮስ መቼ ልትቆም ነበር!» ትለኛለች።

መስከረም ላይ ልጄ መጣች።

«ቆመች?»

«አልቆመችም!»

«ጥሩ። እንግዲያው በደህናዋ እንሽጣት። አሁን የሚነዳት ሰው ይገዛታል።»

«ውላችን እንዲህ አልነበረም!»

«ሳይበላሽ ነው መንካት ያሉት እርስዎ ነዎት። መንዳትም ሳይገለበጡ ነው የሚተወው።»

እንደ ጥጃው በራሴ ቺንጋ ታሰርኩ። ደሜ ፈላ።

«የጠገንኳት እንድትሄድ ነው! እንድትቆም ብፈልግ ኖሮ መቼ እነካት ነበር? ዓይኔ ሲደክም ዓይኔን እታከማለሁ። እግሬ ፍሬን መርገጥ ካቃተው ግን ቁልፉን ራሴ አምጥቼ እጅሽ ላይ አኖረዋለሁ።»

«እንዳቃተው ማን ያውቃል?»

«አጠገቤ የተቀመጠ ያውቃል። ነገ ባሕር ዳር ትመለሺ የለ? እስከ ዳንግላ ከእኔ ጋር ነሽ።»

ጠዋት ድንች እንደጫንን ወጣን። ልጄ መንገዱን ትታ እግሬን ታያለች። ዘና ያልኩ ለመምሰል ላፏጭ ሞከርኩ፤ አየር ብቻ ወጣ። ላም ስትገባ ቆምኩ፣ ባጃጅ ሲቆርጠኝ ሰደብኩ፣ ከጉሙ ውስጥ የመጣውን አውቶቡስ ከእሷ ቀድሜ አየሁት። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስታወስኳት። እሷ ግን እግሬን ማየቷን ቀጠለች።

ዳንግላ መናኸሪያ ደርሰን ስትወርድ በሩን እንደያዘች፣ «ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቷ ግን አይጨምርም» አለችኝ።

«ፍሪሲዮኑ እያለቀ ነው። ኅዳር ላይ ነው ተራው።»

«ኅዳር ሩቅ ነው። ጥቅምት ያድርጉት።»

በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

«ቀስ በይ! እሱ ገና ዕቅድ ውስጥ አልገባም!»

ዞር ሳትል ወደ አውቶቡሱ ሄደች። እኔም ሞተሩን ሳላጠፋ ወደ ድንች ተራ አዞርኩ።